በአጥንትና በመገጣጠሚያ ውስጥ ሟሙተው የሚወገዱ መጠገኛዎች፦ ሰውነት እንዴት እንደሚቀበላቸውና ታካሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ስብራት የደረሰበት ሰው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በተለምዶ «ብረት ገባለት» ይባላል። አባባሉ በአብዛኛው ትክክል ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተሰበረ አጥንትን አቅንቶ ለመያዝ በብዛት የሚያገለግሉት ከማይዝግ ብረት ወይም ከቲታኒየም የተሠሩ ሚስማሮች፣ ብሎኖችና ሳህኖች ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ግን አጥንቱን ወይም ጅማቱን ለተወሰነ ጊዜ ደግፈው ከያዙ በኋላ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሙ የሚወገዱ መጠገኛዎች አሉ። በውጭ አገር የጉልበት፣ የትከሻ ወይም የቁርጭምጭሚት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወገኖችም ሳያውቁት እንዲህ ያለውን መጠገኛ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ቁሶች «ሟሚ መጠገኛ» እያልን እንጠራቸዋለን። ባለሙያዎች «ኢምፕላንት» ሲሏቸው ቢሰሙ፣ በክንድ ቆዳ ሥር ከሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ጋር ስም እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት አንድ ነው። ሟሚ መጠገኛ እንደ ጨው በውኃ ውስጥ ዝም ብሎ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ ፍርስራሹን የሚያነሣውና የሚያስወግደው ሕያው ሕብረ ሕዋስ ነው። ይህ ሥራ የቆዳው ቁስል ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይቀጥላል። ስለሆነም ቁስሉ ደረቀ ማለት ክትትሉ አበቃ ማለት አይደለም። ዘግይቶ የሚመጣ እብጠት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅና ምን ዓይነት መጠገኛ እንደ ገባ የሚገልጸውን ማስረጃ መያዝ ታካሚውን ካላስፈላጊ ሥጋትና ካልተገባ ሕክምና ይጠብቃል።

አጥንት ራሱን እንዴት ይጠግናል?

አጥንት ደረቅ ቢመስልም ሕያው አካል ነው። ደም ይዘዋወርበታል፤ ዕድሜ ልኩንም በአንድ በኩል እየፈረሰ በሌላ በኩል ይገነባል። አፍራሽ ሕዋሳት ያረጀውን ክፍል ያነሣሉ፤ ገንቢ ሕዋሳት ደግሞ በቦታው አዲስ አጥንት ይሠራሉ።

ስብራት ሲደርስ ይህ የዘወትር ሥራ ወደ ጥገና ይዞራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስብራቱ ዙሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል፤ አካባቢው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ይህ ሁኔታ ብግነት ይባላል። ብግነት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሰውነት የሞተውን የሚያጸዱና ጥገናውን የሚጀምሩ ሕዋሳትን ወደ ቦታው የሚጠራበት መንገድ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት የስብራቱን ጫፎች የሚያያይዝ ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ይፈጠራል፤ ቀስ በቀስም ካልሲየምና ፎስፌት እየገቡበት ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ አጥንቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስበት ረጅም ጊዜ ይከተላል፤ ይህም ከወራት እስከ ዓመታት ይወስዳል።

መጠገኛ፣ ከብረት ይሁን ከሌላ ነገር የተሠራ፣ አጥንትን አይጠግንም። የሚጠግነው ሰውነት ነው። የመጠገኛው ድርሻ ሰውነት ሥራውን እስኪፈጽም ድረስ የተሰበሩት ጫፎች እንዳይነቃነቁና ቦታቸውን እንዳይለቁ መያዝ ነው። ጀሶም የሚታሰረው ለዚሁ ዓላማ ነው።

ብረት ካለ ሟሚ መጠገኛ ለምን አስፈለገ?

ብረት ጠንካራና ለረጅም ዘመን የተፈተነ ነው። ሆኖም ሥራውን ከጨረሰ በኋላም በቦታው ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር እየቆረቆረ ያስቸግራል፤ በማደግ ላይ ባሉ ሕፃናት የአጥንትን ዕድገት ሊያውክ ይችላል፤ ሲላላ ወይም ሲያመረቅዝ ደግሞ መውጣት ይኖርበታል። እሱን ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛ ማደንዘዣና ተጨማሪ ወጪ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ብረት ከአጥንት ይልቅ እጅግ ግትር በመሆኑ አጥንቱ ሊሸከመው የሚገባውን ጫና እሱ ይሸከምለታል፤ ጫና ያጣ አጥንት ደግሞ ሥራ እንደ ፈታ ጡንቻ ይሳሳል።

ሟሚ መጠገኛ የታሰበው ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔ እንዲሆን ነው። አጥንቱ እየጠነከረ ሲሄድ መጠገኛው እየደከመ ይሄዳል፤ ጫናውንም በጥቂት በጥቂቱ ለአጥንቱ ያስረክባል። ሐሳቡ በሥራ ላይ እንዲውል ግን ሁለቱ ጊዜያት መጣጣም አለባቸው። መጠገኛው አጥንቱ ሳይጠነክር ቀድሞ ከደከመ ስብራቱ ሊናጋ ይችላል። አጥንቱ ከዳነ በኋላ ለዓመታት ከቆየ ደግሞ ሰውነት ከቀሪው ፍርስራሽ ጋር ሲታገል ይኖራል።

ከምን ይሠራሉ? እንዴትስ ይሟሟሉ?

ከወሊድ ወይም ከሌላ ቀዶ ሕክምና በኋላ የተሰፉ ሰዎች «ክሩ ራሱ ይጠፋል፤ አይወጣም» ሲባሉ ሰምተው ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሟሚ የአጥንት መጠገኛዎች የተሠሩት ከዚሁ ዓይነት ክር ቁስ ነው። በአሁኑ ጊዜ ቁሶቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ፖሊመር የሚባሉት ናቸው። ፖሊመር እንደ ዶቃ በረጅሙ የተሰካ የትናንሽ ቅንጣቶች ሰንሰለት ነው። ለአጥንት ሕክምና በይበልጥ የሚታወቁት ፖሊግላይኮሊክ አሲድ፣ ፖሊላክቲክ አሲድና የሁለቱ ቅልቅል ናቸው። በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ቁሱ ዘልቆ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ቁሱ ጥንካሬውን ያጣል፤ በኋላም ይፈረፈራል፤ በመጨረሻም ወደ ተናጠል ቅንጣቶች ይለወጣል። ከፖሊላክቲክ አሲድ የሚወጣው ላክቲክ አሲድ ለሰውነት እንግዳ አይደለም። ጡንቻችን ጠንክሮ ሲሠራ የሚያመነጨው፣ እርጎና የእንጀራ ሊጥም ሲቦኩ የሚፈጠረው ይኸው አሲድ ነው። ሰውነት ለኃይል ምንጭነት ይጠቀምበታል፤ የሚቀረውም ውኃና በትንፋሽ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

የፖሊመሮቹ ዕድሜ ግን ይለያያል። ከፖሊግላይኮሊክ አሲድ የተሠራ ዘንግ ጥንካሬውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያጣል። ከፖሊላክቲክ አሲድ የተሠራው ግን ለወራት ጠንክሮ ይቆያል፤ ፍርስራሹም ሙሉ በሙሉ እስኪወገድ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ሁለተኛው ወገን ሟሚ ብረት ነው፤ በዋነኛነትም ማግኒዥየምና ቅይጦቹ። ሦስተኛው ወገን የአጥንትን ማዕድን የሚመስሉ የካልሲየም ፎስፌት ቁሶች ናቸው። እነዚህ ብቻቸውን ሲሆኑ በቀላሉ ስለሚሰበሩ በአጥንት ውስጥ የተፈጠረ ክፍተትን ለመሙላት ወይም ከፖሊመር ጋር ተቀላቅለው ያገለግላሉ። ሲቀላቀሉ ከፖሊመሩ የሚወጣውን አሲድ ያለዝባሉ፤ አጥንትም እንዲጠጋ ይጋብዛሉ።

ሕያው ሕብረ ሕዋስ የሚሰጠው ምላሽ

ማንኛውም ባዕድ ነገር ወደ ሰውነት ሲገባ ሕብረ ሕዋሱ ይመረምረዋል። በመጀመሪያ ከደምና ከአካባቢው ፈሳሽ የሚመጡ ፕሮቲኖች መጠገኛውን ይሸፍኑታል። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምናው ምክንያት ብግነት ይነሣል፤ ይህ በማንኛውም ቁስል ላይ የሚታይና በቀናት ውስጥ የሚበርድ ነው። ከዚያም ሰውነት መጠገኛውን በስስ የጠባሳ ሽፋን ይከበዋል፤ ወይም ሁኔታው ምቹ ከሆነ አጥንቱ ራሱ እስከ መጠገኛው ድረስ ያድጋል። በዚህ ወቅት ታካሚው ምንም ላይሰማው ይችላል።

ቁሱ መፈርፈር ሲጀምር ሁለተኛው የሥራ ዙር ይነሣል። ማክሮፌጅ የሚባሉ በላተኛ ሕዋሳት ወደ ቦታው ይመጣሉ። ሥራቸው የሞቱ ሕዋሳትን፣ ጀርሞችንና ፍርስራሽን ውጦ ማጽዳት ነው። ፍርስራሹ ለአንድ ሕዋስ ከበዛ ብዙ ማክሮፌጆች ተዋሕደው ግዙፍ ሕዋስ ይሆናሉ። ፍርስራሹ በመጠኑ እየወጣ ደም አሲዱን እያጠበ ከወሰደው ይህ ሁሉ ሥራ በጸጥታ ይፈጸማል፤ የመጠገኛው ቦታም በጠባሳ ወይም በአዲስ አጥንት ይሞላል።

ችግር የሚፈጠረው ፍርስራሹ የሚወጣበት ፍጥነት ሕብረ ሕዋሱ ሊያነሣው ከሚችለው ሲበልጥ ነው። አሲዱ በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ ብግነቱም ይበረታል። በአጥንቱ ውስጥ ባለው ቀዳዳ ዙሪያ አፍራሽ ሕዋሳት ሥራቸውን ያፋጥኑና ቀዳዳው ለጊዜው ይሰፋል። ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ቆዳው ሊቀላና ሊያብጥ፣ አልፎ አልፎም ፈንድቶ ቅንጣቶች ያሉበት ፈሳሽ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ምላሽ የመግል ቁስል ቢመስልም በውስጡ ጀርም የለበትም።

ከሄልሲንኪ የተገኘው ትምህርት

ይህን ጉዳይ ዓለም በሚገባ የተማረው ከፊንላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሄልሲንኪ ፔንቲ ሮካነንና ባልደረቦቻቸው ከፖሊመር የተሠሩ ሟሚ ዘንጎችን ለቁርጭምጭሚት ስብራት መጠቀም ጀመሩ። ስብራቶቹ በጥሩ ሁኔታ ዳኑ፤ ብረት ለማውጣት የሚደረገው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ቀረ። ሐኪሞቹ ግን በዚህ አላበቁም፤ ታካሚዎቻቸውን ለረጅም ጊዜ ተከታተሉ። በዚህም አንዳንዶቹ ቁስላቸው ከዳነ ከሳምንታት በኋላ መጠገኛው በገባበት ቦታ ላይ የሚያም እብጠት ይዘው እንደሚመለሱ ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ማጠቃለያቸው ከፖሊግላይኮሊክ ወይም ከፖሊላክቲክ አሲድ በተሠሩ መጠገኛዎች ከታከሙ 2,528 ሰዎች ውስጥ 108ቱ፣ ማለትም 4.3 በመቶው፣ ሕክምና የሚያሻው ጀርም አልባ ብግነት ታይቶባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ 107ቱ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ የገባላቸው ሲሆኑ ምላሹ የታየው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ በ11ኛው ሳምንት ነበር። ፖሊላክቲክ አሲድ ከገባላቸው ውስጥ ምላሹ የታየበት አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ጊዜውም ከ4.3 ዓመት በኋላ ነበር። ደም በደንብ በማይደርስበት አጥንት ላይ፣ ማቅለሚያ በተጨመረባቸው መጠገኛዎችና ሰፊ ገጽ ባላቸው ብሎኖች ላይ ምላሹ ይበልጥ መታየቱንም አስተውለዋል።

በኔዘርላንድስ ደግሞ የጉንጭ አጥንታቸው ተሰብሮ ከፖሊላክቲክ አሲድ በተሠሩ ሳህኖችና ብሎኖች የተጠገኑ ታካሚዎች ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ እብጠት ታይቶባቸው ተመለሱ። ከቦታው የተወሰደው ናሙና ሲመረመር መጠገኛው ቅርጹን ቢያጣም ለመሟሟት አስቸጋሪ የሆኑ ጥቃቅን የክሪስታል ቅንጣቶች ቀርተው ነበር። ከአምስት ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላም ቅንጣቶቹ በሕዋሳት ውስጥ ታይተዋል።

ከእነዚህ ሁለት ተሞክሮዎች ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ከመቶ ታካሚዎች ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት ይህ ችግር ስላልታየባቸው ሟሚ መጠገኛ የገባለት ሰው ሊሸበር አይገባም። ሁለተኛ፣ ምላሹ የሚታይበት ጊዜ እንደ ቁሱ ስለሚለያይ ምን ዓይነት ቁስ እንደ ገባ ማወቅ ግድ ነው። ሦስተኛ፣ ዘግይቶ የመጣ ምላሽ የታወቀው ታካሚዎች ተመልሰው ስለ መጡ ነው። እነዚህ ግኝቶች አምራቾች ቅልቅሎችን እንዲያሻሽሉና ማቅለሚያውን እንዲተዉ ረድተዋል።

ማግኒዥየም፦ የሚሟሟው ብረት

ማግኒዥየም በተፈጥሮ በሰውነታችን ውስጥ ይገኛል። በአዋቂ ሰው ውስጥ 25 ግራም ያህል ሲኖር ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአጥንት ውስጥ ነው። ግትርነቱም ከሌሎች ብረቶች ይልቅ ወደ አጥንት ይጠጋል። ነገር ግን ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይበላል፤ በዚህም ጊዜ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ያወጣል። አንድ ግራም ማግኒዥየም ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤልጅጋዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አልቢን ላምቦት የእግር ስብራትን በማግኒዥየም ሳህንና በብረት ብሎኖች ለመጠገን ሞክረው ነበር። ሁለቱ ብረቶች ሲነካኩ ማግኒዥየሙ ቶሎ ተበላ፤ በስምንት ቀናት ውስጥ ሳህኑ ተበታተነ፤ ከቆዳው ሥርም ጋዝ ተጠራቀመ። ማግኒዥየም እንደገና ተስፋ የተጣለበት አሟሟቱን የሚያዘገዩ ንጹሕና የተሻሻሉ ቅይጦች ከተሠሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ብሎን በአውሮፓ ፈቃድ አገኘ። በዚያው ዓመት የእግር አውራ ጣት መጣመም ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 26 ታካሚዎች ላይ የወጣ የጀርመን ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የማግኒዥየሙ ብሎን ከቲታኒየሙ ጋር ተመጣጣኝ ውጤት ማስገኘቱን አሳይቷል።

ማግኒዥየም የገባላቸው ሰዎች አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በራጅ ላይ በብሎኑ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ሊታይ ይችላል። ይህ ጋዙና የመሟሟቱ ሂደት የፈጠሩት ምልክት ሲሆን ብዙ ጊዜ እየጠበበ ሄዶ አጥንት ይሞላዋል። ቁሱን የማያውቅ ሐኪም ግን ማመርቀዝ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

መገጣጠሚያ ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል?

በአጥንት ውስጥ ያለ መጠገኛ በደም ሥሮች የተከበበ ነው። የመገጣጠሚያ ውስጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚያለብሰው ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ ልባስ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። አንድ ጊዜ ከተላጠም እንደ ቀድሞው አይመለስም።

ሟሚ መጠገኛዎች በመገጣጠሚያ አካባቢ በይበልጥ የሚያገለግሉት የተበጠሰ የጉልበት ጅማትን በሌላ ጅማት ለመተካት፣ የትከሻ ጅማቶችን ከአጥንት ጋር ለማያያዝና የተቀደደ የጉልበት ትራስን ለመስፋት ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሦስት ዓይነት ችግር ሊገጥም ይችላል። የመጀመሪያው፣ ተሰብሮ የተላቀቀ ቁራጭ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ እየተንሳፈፈ ጉልበቱን ሊቆልፍ ወይም ካርቲሌጁን ሊፍቅ ይችላል፤ ለጉልበት ትራስ ይውሉ የነበሩ የፖሊላክቲክ አሲድ ቀስቶች እንዲህ ዓይነት ጉዳት ማድረሳቸው ተመዝግቧል። ሁለተኛው፣ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ፍርስራሹን ሲያነሣ ተቆጥቶ ብዙ ፈሳሽ ሊያመነጭ፣ በተለምዶ እንደሚባለውም ጉልበት «ውኃ ሊቋጥር» ይችላል። ሦስተኛው፣ ብሎኑ ከሟሟ በኋላ ቦታው ሁልጊዜ በአጥንት አይሞላም፤ ባዶ ቀዳዳ ወይም ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ሊቀር ይችላል። ካልሲየም ፎስፌት የተቀላቀለባቸው ብሎኖች የተሠሩበት አንዱ ምክንያት ይህን ለመቀነስ ነው።

ሟሚ መጠገኛ ለማን ይመረጣል?

ምርጫው የሐኪሙና የታካሚው የጋራ ውሳኔ ነው። በአጠቃላይ ሟሚ መጠገኛ የሚታሰበው ብዙ ክብደት በማይሸከሙ ትናንሽ አጥንቶች፣ በቁርጭምጭሚት፣ በእጅና በእግር ጣቶች፣ በፊት አጥንቶች፣ ጅማትን ከአጥንት ጋር በማያያዝና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን ማስቀረት በሚፈለግባቸው ሕፃናት ላይ ነው። እንደ ጭን አጥንት ያሉ ከባድ ጫና የሚሸከሙ አጥንቶች ሲሰበሩ የብረት መጠገኛ ተመራጭ ሆኖ ቀጥሏል። ሙሉ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ሲተካ የሚገባው ሰው ሠራሽ አካልም በቋሚነት እንዲቆይ የተሠራ እንጂ ሟሚ አይደለም። ስለዚህ «ብረት ገባልኝ» ማለት ያነሰ ሕክምና ተሰጠኝ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለጉዳቱ የሚስማማው እሱ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን መጠየቅ ይገባል?

ታካሚው ስለሚገባለት ነገር የማወቅ መብት አለው። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሐኪምዎን ይጠይቁ፦

1. የሚገባልኝ መጠገኛ ከምን የተሠራ ነው? ይሟሟል ወይስ በቋሚነት ይቀራል?
2. ጥንካሬውን ለምን ያህል ጊዜ ይይዛል? ሙሉ በሙሉስ መቼ ይወገዳል?
3. እግሬን መርገጥ ወይም እጄን ማሠራት የምጀምረው መቼ ነው?
4. ለክትትል የምመለሰው በስንት ጊዜው ነው?
5. ዘግይቶ እብጠት ቢታይ ወዴት ልምጣ?

የስኳር ሕመም፣ የደም ዝውውር ችግር ወይም ቀደም ሲል ለቀዶ ሕክምና ክር የተቆጣ ሰውነት ካለዎት፣ ሲጋራ የሚያጨሱም ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ። እነዚህ ሁሉ የአጥንትን መዳንና የሕብረ ሕዋስን ምላሽ ይመለከታሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት እየቀነሰ የሚሄድ ሕመምና እብጠት የተለመደ ነው። መጠገኛው አጥንቱ እስኪጠነክር ድረስ የሚቆየው በአግባቡ ከተጠበቀ ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ክብደት መጣል፣ ጀሶ ወይም ድጋፍ አውልቆ መሄድ አይገባም።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

- ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግል፤
- እየበረታ የሚሄድና በታዘዘው መድኃኒት የማይታገሥ ሕመም፤
- የጣቶች መቀዝቀዝ፣ መደንዘዝ ወይም የቀለም መለወጥ፤
- ድንገተኛ የመሰበር ስሜት፣ የመገጣጠሚያ መቆለፍ ወይም መርገጥ አለመቻል።

ቁስሉ ከዳነ ከሳምንታት፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በቦታው ላይ እብጠት፣ መቅላት ወይም ፈሳሽ ከታየም ሳይዘገዩ ይታዩ። ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው ጀርም አልባ ምላሽ ሊሆን ይችላል፤ ማመርቀዝም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። የደም ምርመራ፣ የራጅ ምስልና ከፈሳሹ የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋሉ። ጀርም አልባ ከሆነ ብዙ ጊዜ በክትትል ወይም ፈሳሹን በማውጣት ይበርዳል፤ አልፎ አልፎ ቀሪውን ፍርስራሽ ለማጽዳት አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ማመርቀዝ ከሆነ ግን የተለየ ሕክምና ይሻል፤ መዘግየቱም አጥንቱን ይጎዳል።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝተው አይውሰዱ። ጀርም ለሌለበት ብግነት አይረዳም፤ ጀርም ካለም ምርመራውን ያሳስታል፤ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለማመዱትም ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ያበጠውን ቦታ አያሹ፤ ወደ ወጌሻም ወስደው አያስጠግኑ። መታሸትና መጠበቅ እየደከመ ያለውን መጠገኛ ሊሰብረው፣ ገና ያልጠነከረውን አጥንት ሊያናጋው፣ ጠብቆ መታሰሩም የደም ዝውውርን ሊያቋርጥ ይችላል።

ማስረጃዎን ይያዙ

ከፖሊመር የተሠራ መጠገኛ በራጅ አይታይም፤ የሚታየው የገባበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ እብጠት ይዞ የመጣ ሰው ምን እንደ ገባለት ካላወቀ ሐኪሙ ሊያየው የሚችለው በአጥንት ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ነው። ባዶውን ቦታ ለማስረዳትም ላያስፈልጉ የሚችሉ ምርመራዎችን፣ ናሙና መውሰድንና ሥጋትን ያስከትላል። አንድ ወረቀት ይህን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል።

ስለሆነም ከሆስፒታል ሲወጡ በመውጫ ወረቀትዎ ላይ የሚከተሉት መጻፋቸውን ያረጋግጡ፦ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀንና ተቋም፣ የአካል ክፍሉና ጎኑ፣ የመጠገኛው ስም፣ የተሠራበት ቁስ፣ መጠንና ብዛቱ እንዲሁም በማሸጊያው ላይ የሚገኘው የምርት መለያ ቁጥር። ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ለቤተሰብዎ አባልም ያሳውቁ። በውጭ አገር የታከሙ ወገኖች የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ከተቋሙ ጠይቀው ይዘው እንዲመጡ ይመከራል። ሌላ ሐኪም ዘንድ በሚቀርቡበት ጊዜ ሁሉ፣ ጉዳዩ የማይገናኝ ቢመስልዎትም፣ መጠገኛ እንዳለብዎ ይናገሩ።

በኢትዮጵያ የሕክምና መሣሪያዎችን ደኅንነትና ጥራት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ከመጠገኛው ጋር የተያያዘ ያልተጠበቀ ችግር ሲገጥምዎ ለታከሙበት ተቋም ያሳውቁ፤ ባለሙያውም ለባለሥልጣኑ ሪፖርት እንዲያደርግ ይጠይቁ። ተገልጋዮች ራሳቸውም በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላሉ። የሄልሲንኪ ታካሚዎች እብጠታቸውን ይዘው ባይመለሱ ኖሮ ዛሬ የተሻሻሉት መጠገኛዎች ባልኖሩ ነበር። የእርስዎም ማሳወቅ ነገ ለሚታከመው ሰው ይጠቅማል።

በአጠቃላይ ሟሚ መጠገኛ ለተገቢው አጥንትና ለተገቢው ሰው ሲውል ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን የሚያስቀር ጠቃሚ ሕክምና ነው። የሚሟሟው ግን ከሕያው አካል ጋር እየተሠራራ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ ክትትልም ይሻል። የቀጠሮ ቀንዎን ያክብሩ፤ ማስረጃዎን ይያዙ፤ ጥርጣሬ ሲኖርዎ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው ጤና ተቋም ቀርበው ባለሙያ ያማክሩ። ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪምን ምርመራና ምክር የሚተካ አይደለም።